ስለ አቮካዶ የባሕር ጭነት የተጠራ ስብሰባ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣

አቮካዷችንን በማቀዝቀዣ ኮንቴይነር በጅቡቲ ወደብ በኩል ወደ አውሮፓ ለመላክ በቀረበው ሐሳብ ላይ ለመወሰን፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሰበታ በሚገኘው መጋዘናችን እንድትገኙ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ዋናው ጉዳይ ቅድመ ማቀዝቀዝ ነው። ኮንቴይነሩ ቅዝቃዜን ጠብቆ ለማቆየት እንጂ ከማሳ የመጣን ሙቅ ፍሬ ለማቀዝቀዝ ስላልተሠራ፣ አቮካዶው ከመጫኑ በፊት ወደ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መውረድ አለበት፤ የካርቶኖቹ የአየር ቀዳዳዎችም በአደራደር ምክንያት መደፈን የለባቸውም። በእኔ እምነት ማቀዝቀዣ ክፍል ሳንከራይ ውል መፈረም ልፋታችንን ማባከን ነው።

የምታቀርቡትን መጠንና የምትለቅሙበትን ሳምንት ጽፋችሁ፣ ለናሙና የሚሆን ጥቂት ፍሬም ይዛችሁ እንድትመጡ እያሳሰብን፣ መገኘት አለመገኘታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ በዚሁ ግሩፕ እንድታሳውቁን እንጠይቃለን።