የነሐሴ ደመወዝ 35 ቀን እንዲያደርስ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ዘመን መለወጫ በመጣ ቁጥር ብዙ ደመወዝተኛ ቤተሰብ ብድር ውስጥ ይገባል። ኑሮው መወደዱ አንድ ነገር ነው፤ የቀን ቆጠራው ግን ሲነሳ አልሰማሁም። ደመወዝ በዓመት 12 ጊዜ ይከፈላል፣ ጳጉሜን ደመወዝ የላትም። በነሐሴ መጨረሻ የተቀበልነው ብር የጳጉሜን 5 ቀን (በየአራት ዓመቱ 6 ቀን) ከመስከረም 30 ቀን ጋር አዳብሎ መያዝ አለበት። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ የልጆች ምዝገባ፣ ዩኒፎርምና ደብተር የሚመጡትም በዚያው 35 ቀን ውስጥ ነው።

ስለዚህ አሁኑኑ ወረቀት ይዞ ይህን ወጪ ለብቻው መደመር ያስፈልጋል። የቤት ኪራይ አብዛኛውን ጊዜ በወር ስለሚቆጠር ጳጉሜን አይነካትም፤ አስቤዛና ትራንስፖርት ግን ይቀጥላሉ። ለእነዚህ በወር 12,000 ብር የሚያወጣ ቤት ለአምስቱ ቀን 2,000 ብር ይይዛል። ለትምህርት 14,000፣ ለሁለቱ በዓላት 8,000 ቢደመር 24,000 ይሆናል፤ በወር 2,000 ማለት ነው። የትምህርቱን ሒሳብ ባለፈው ዓመት ዋጋ የሚሠራ ሰው ግን መስከረም ላይ ይጎድልበታል። ጭማሪውን አስቀድሞ ጠይቆ፣ ካልታወቀም ከፍ አድርጎ መያዝ ይሻላል።

ይህን ገንዘብ ለማጠራቀም ዕቁብን የሚያህል የለም፤ ተራውን ላወቀበት። በመስከረም የተጀመረ፣ 12 ሰው በወር 2,000 ብር የሚጥልበት ዕቁብ እንውሰድ። መጀመሪያ የወጣለት ሰው 2,000 ጥሎ 24,000 ይቀበላል፤ 22,000ው ከ11 ሰዎች ያገኘው ወለድ የሌለው ብድር ነው። የመጨረሻው ሰው ደግሞ አበዳሪ ነው። ያንኑ 2,000 በየወሩ ባንክ ቢያስቀምጥና በዓመት 7 ከመቶ ቢታሰብለት፣ እስከ መጨረሻው ዕጣ ድረስ ወደ 770 ብር ወለድ ያገኝ ነበር። ሁሉም የመጨረሻውን ዕጣ የሚሸሸው ለዚህ ነው። ለመስከረም ወጪ ግን ከነሐሴ ዕጣ የተሻለ የለም፦ ብሩ በሚፈለግበት ሳምንት ይደርሳል፣ እስከዚያም ማንም እጁን አይሰድበትም። ኅዳር ላይ የወጣለት ሰው ዳኛውን አስፈቅዶ ከነሐሴው ጋር ልቀያየር ቢል እምቢ የሚለው አይኖርም።

ዕጣው ጥር ወይም የካቲት ላይ ከወጣና ካልተቀያየረ፣ ከፊሉን ወደ ጤፍ መለወጥ ያዋጣል። አዲሱ ምርት ገበያ የገባበት ጊዜ ስለሆነ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ከክረምቱ ይቀላል። ኩንታሉን ከመሬት በጣውላ ከፍ አድርጎ፣ ከግድግዳ አርቆ፣ እርጥበት በሌለበት ማስቀመጥ ነው። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም፤ ሽምብራና ባቄላ ግን በቶሎ ይነቅዛሉ፣ እነሱን ማከማቸት አልመክርም። ስሕተቱ ኩንታሉን በአንድ ጊዜ ማስፈጨት ነው። ዱቄት እንደ ፍሬው አይቆይም፤ የወሩን ብቻ ወፍጮ ቤት መውሰድ ይበቃል። ቀሪውን ብር ካርድ ያልወጣበት የባንክ ሒሳብ ውስጥ ማስገባት ነው።

ዕቁብ የሚፈርሰው አስቀድሞ የወጣለት ሰው መጣል ሲያቆም ነው። ዋስ ይጠየቃል፣ ግን ብዙ ጊዜ ዋሱም ቀድሞ የወሰደ ሰው ይሆናል፤ ሁለቱ ቢጠፉ የሚያዝ ነገር የለም። ዋስ መሆን ያለበት ገና ዕጣው ያልወጣለት አባል ነው፤ ጉድለት ቢመጣ ከእሱ ዕጣ ላይ ይቆረጣል። ይህ ዕቁቡ ሳይጀመር በጽሑፍ ሰፍሮ ሁሉም ይፈርሙበት፣ ብሩም ዋሱ ከፈረመ በኋላ ብቻ ይሰጥ።

የሳምንት ዕቁብ ለደመወዝተኛ አይመችም። በየቀኑ ለሚሸጥ ነጋዴ የተመቸ ነው፤ ደመወዝተኛው ግን ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት ላይ ለመጣል ይበደራል። የወሩም ቢሆን የሚጣልበት ቀን ደመወዝ በገባ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ይሁን።

ገናና ፋሲካ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገቡም። ከነሐሴ ዕጣ በፊት ስለሚደርሱ ከዕቁቡ ውጭ ለብቻቸው ይያዙ፦ ለገና ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ለፋሲካ ከጥር ጀምሮ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ