የቅልጥምህን ነገር ሰምቼ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን፤ የድሬዳዋ ሙቀት ብቻ ነው የጠናብን። ከተጻጻፍን ብዙ ጊዜ ሆነን። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ የአክስትህ ልጅ ከሐረር ወርዶ ያወራኝ ነው። ለማራቶን መዘጋጀትህን ስሰማ ደስ አለኝ። ቅልጥምህን እያመመህ አንድም ቀን ልምምድ እንዳላቋረጥክ እንደ ጀግንነት ሲነግረኝ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

የጀመርከውን ሳትጨርስ እንደማትመለስ አውቃለሁ። ጠዋት እግርህ ደርቆ አልነሣ ቢልህ በሶምሶማ ቀጥል፤ ሰውነትህ ሲሟሟቅ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ይለቅሃል። የሚያስፈራኝ በሮጥክ ቁጥር የሚብሰው ሕመም ነው። እስቲ ከጉልበትህ በታች አጥንቱን በጣትህ እየተጫንክ ውረድ። አንዲት ቦታ ላይ ስትደርስ ዘለህ የምትነሣ ከሆነ ነገሩ የጡንቻ ሳይሆን የአጥንት ሊሆን ይችላልና ሐኪም ሳያይህ አትሩጥ። የተደጋገመ ጫና አጥንትን ይሰነጥቃል። በጊዜው ያረፈ በሳምንታት ይድናል፤ የገፋበት ግን ስብራት ያተርፋል። ማነከስ ከጀመርክማ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው የቀረኝ ብለህ አትከራከር፤ የታመመውን እግር ስታስታምም ደኅናውን ትጎዳለህ።

እሑድ እሑድ ረጅሙን ሩጫ እዚህ ወርደህ እንደምትሮጥም ሰምቻለሁ። ሰውነትህ የለመደው የሐረርን አየር ነው፤ የደንገጎን ቁልቁለት ወርደህ የምታገኘው ሙቀት ሌላ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ጀምር። በፀሐይ መካከል ብርድ ብርድ ካለህ ወይም ራስህን ካዞረህ እዚያው ቁም፤ ከከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ገብተህ አንገትህና ራስህ ላይ ውኃ አፍስስ። ሩጫህንም ወደ አንድ አቅጣጫ ከምታርቀው በሰፈር ዙሪያ አድርገው። ከቤት ርቆ የታመመ ሰው መመለሻ ሲያጣ በሕመሙ ላይ መሮጡ አይቀርም። የምታቋርጥበትን ምልክትም ከቤት ሳትወጣ ወስን፤ ደክሞህ ሳለ የምትወስነው ሁልጊዜ ወደ መቀጠል ያደላል።

ማቋረጥ ውርደት ከመሰለህ አበበ ቢቂላን አስብ። ሮምንና ቶኪዮን ያሸነፈው ሰው እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ላይ እግሩን ታሞ የውድድሩን ግማሽ ሳይደርስ ወጣ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደው። ማን ነው አበበን ፈሪ ያለው?

በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂድና ያለህን ሳትደብቅ ጻፍልኝ። እሑድም ብትመጣ ለምሳ ና እንጂ ጫማህን ይዘህ አትምጣ።

የሚወድህ ወንድምህ
ከድሬዳዋ