የወረራው ታሪክ ከወልወል ሳይሆን ከታኅሣሥ 1918 ይጀመር

ክቡር አዘጋጅ፣

የጣሊያን ወረራ በታወሰ ቁጥር ጋዜጦቻችን የሚያወጡት የዘመን ቅደም ተከተል ኅዳር 1927 ላይ፣ ኦጋዴን ውስጥ ከጣሊያን ጦር ጋር ከተደረገው የወልወል ግጭት ይነሳል። ዘጠኝ ዓመት ተዘሎ ማለት ነው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል አገራችን ያለ እሷ ዕውቀት ለድርድር የቀረበችው ታኅሣሥ 1918 ሮም ላይ ሲሆን፣ ነገሩ ለእኛ ለጅማዎች ይበልጥ ቅርብ ነው።

ታኅሣሥ 5 ቀን 1918 የእንግሊዝ አምባሳደር ለሙሶሊኒ ደብዳቤ ጻፈ። ሙሶሊኒ ታኅሣሥ 11 መለሰ። ውሉ ይኸው ነው። ዲፕሎማቶች «የማስታወሻ ልውውጥ» ይሉታል፤ አንዱ ወገን ሐሳቡን በደብዳቤ ያቀርባል፣ ሌላው ነጥቦቹን እየደገመ መቀበሉን ይገልጻል፣ ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ላይ ስምምነት ይሆናሉ። እንደ ትልቅ ውል የፊርማ ሥነ ሥርዓትና ጋዜጠኛ ስለማይጠራበት ለምስጢር ይመቻል።

በውስጡ ያለው ይህ ነበር። እንግሊዝ በጣና ላይ ግድብ ለመሥራትና ከሱዳን እስከ ጣና የመኪና መንገድ ለማውጣት ኢትዮጵያን ስትጠይቅ ጣሊያን ትደግፋታለች። እንግሊዝ በበኩሏ ጣሊያን ከኤርትራ ተነስቶ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ አልፎ ሶማሊያ የሚደርስ የባቡር ሐዲድ እንድትሠራ ትረዳታለች። ቀጥሎም በምዕራብ ኢትዮጵያና ሐዲዱ በሚያልፍበት አገር ሁሉ የኢኮኖሚ ተጽዕኖው የጣሊያን ብቻ መሆኑን እንግሊዝ ትቀበላለች። ጣሊያን ደግሞ በአባይ ምንጮችና ገባሮች ላይ የውኃውን ፍሰት የሚለውጥ ሥራ ላለመሥራት ቃል ትገባለች።

«ምዕራብ ኢትዮጵያ» የምትለዋ ቃል ላይ ቆም ማለት ይገባል። ድንበር አልተሰጣትም፣ አውራጃ አልተዘረዘረባትም። በዚያ ጊዜ የሂርማታ ገበያ ቡና በበቅሎ እየተጫነ ይወጣ ነበር፤ ጅማም በአባ ጅፋር ሥር ነበረች። ከእኛ አካባቢ ተነስቶ አባይ የሚገባው ዴዴሳም ከገባሮቹ አንዱ ነው። የማንም ስም ሳይጠራ የሁሉም ንብረት ገባ። ቃሉ ልል የሆነውም ለዚህ ይመስለናል፤ የተወሰነ ወሰን ወዲያው ተቃውሞ ያስነሳል፣ ያልተወሰነ ግን ኋላ እንደ ጉልበት ይለጠጣል።

ይህንኑ ሐሳብ ጣሊያን በ1912 አቅርባው እንግሊዝ አልተቀበለችም ነበር፤ የጣናን ውኃ የሌላ መንግሥት እጅ እንዳይነካው ሰግታ ነው። በ1918 ግን የግድቡን ፈቃድ ከአዲስ አበባ ማግኘት ስላቃታት አጋር ፈለገች።

ኢትዮጵያ ነገሩን በይፋ የሰማችው ከስድስት ወር በኋላ፣ ሰኔ 1918 ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ የሄዱበት መንገድ በትምህርት ቤት በዝርዝር ሊጠና ይገባል። ለሁለቱም መንግሥታት ተቃውሟቸውን ጻፉ፤ በዚያም ሳያበቁ ጉዳዩን ወደ መንግሥታት ማኅበር ወስደው አባል አገሮች ሁሉ እንዲያውቁት አደረጉ። ኢትዮጵያ በ1916 የማኅበሩ አባል ሆና ስለነበር አባል በአባል ላይ ተማክሮ ጫና ማድረጉን በአደባባይ መጠየቅ ቻለች። ሁለቱ መንግሥታት ሉዓላዊነቷን የመንካት ሐሳብ እንዳልነበራቸው ለመግለጽ ተገደዱ፤ ሐዲዱም ሳይሠራ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ምስጢሮች እንደ አወጣጣቸው ይለያያሉ። ታኅሣሥ 29 ቀን 1927፣ እኛ ገና ስናከብር፣ የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ላቫልና ሙሶሊኒ ሮም ላይ ተፈራረሙ። በይፋ የወጣው ስለ ሊቢያ ወሰንና ስለ ጅቡቲ ባቡር አክሲዮን ነበር። በምስጢሩ ደብዳቤ ፈረንሳይ በኢትዮጵያ ከባቡሩ ጥቅም በቀር ሌላ እንደማትፈልግ ገለጸች። ላቫል «የተውኩት የኢኮኖሚውን ብቻ ነው» ሲል፣ ሙሶሊኒ ሁሉ የተተወለት አድርጎ ወሰደው። ደብዳቤው ተደብቆ ስለነበር ትርጉሙን በጊዜው የሚሞግት አልተገኘም። በኅዳር መጨረሻ 1928 የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና ላቫል ኢትዮጵያን ለመሸንሸን ያዘጋጁት ዕቅድ ግን በቀናት ውስጥ በፓሪስ ጋዜጦች ወጣ፤ ሕዝቡ ተቆጣ፣ ሆር ታኅሣሥ 8 ከሥልጣን ለቀቀ። ሰኔ 1927 የተጻፈው በማፊ የሚመራ የእንግሊዝ መንግሥት ኮሚቴ ምስጢራዊ ሪፖርት ደግሞ በጣሊያን ሰላዮች ተሰረቀ። እንግሊዝ ወረራውን እንድትከላከል የሚያስገድድ ዋና ጥቅም በኢትዮጵያ እንደሌላት የሚናገር ስለነበር የጠቀመው ወራሪውን ነው።

ጣሊያን በወረራው የተጠቀመችበት የመርዝ ጋዝ ጉዳይ ከሁሉም ረጅሙ ሆነ፤ የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር በይፋ ያመነው በ1988 ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የሚቀጥለው የመታሰቢያ እትማችሁ ከታኅሣሥ 1918 ይጀምር። የሁለቱ ደብዳቤዎች ሙሉ ቃልም ከራስ ተፈሪ ተቃውሞ ጎን ለጎን በአማርኛ ይታተም፤ ተማሪ የውሉን ቃል ራሱ ካላነበበ የትኛው ቃል እንደላላ ማየት አይችልም። ካርታ የምትጨምሩ ከሆነ የባቡሩን መስመር በነጠብጣብ ሥሩት፤ ደብዳቤው «ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ» ከማለት በቀር በየትኞቹ ከተሞች እንደሚያልፍ አልዘረዘረም።

ከአክብሮት ጋር፣
የታሪክ መምህራን፣ ከጅማ