አባል ለመሆን ገንዘብ ብቻ ይበቃል ወይ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ አዲስ አበባ ውስጥ «ለአባላት ብቻ» ስለሚሉ ክለቦች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ነገሩን ወደውታል። ለሚተቹት ሰዎች ያላቸው መልስም አጭር ነው። እኛ አገር ነጭና ጥቁር የሚባል ነገር ስለሌለ ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገባል፣ የሌለው ደግሞ ሠርቶ ያግኝ ይላሉ።

እኔ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በእንዲህ ዓይነት ክለብ ለብዙ ዓመታት ካፖርት ተቀባይ ሆኜ ሠርቻለሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የክለቡን ስም አልጠራም፤ አብረውኝ የነበሩ ልጆች ዛሬም እንጀራቸው እዚያው ነው። ግን «ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገባል» የሚለው አባባል ውሃ አይቋጥርም።

ገንዘብ ሁለተኛው በር ነው። የመጀመሪያው በር ሰው ነው። አንድ አባል ያቀርብሃል፣ ሌላው ይደግፍሃል። ከዚያ ስምህ ካቀረቡህ ሰዎች ስም ጋር ኮሪደር ላይ ይለጠፋል። አባላቱ ወደ ምሳ ሲያልፉ ያነቡታል። የማይፈልግህ ካለ ለኮሚቴው በምስጢር ይጽፋል። ሰሌዳው የተሰቀለው ከእኔ ክፍል ፊት ለፊት ስለነበር ሥራ ሲቀዘቅዝ እኔም አነበው ነበር። አንዳንዱ ስም ከሰሌዳው ይወርድና ባለቤቱ አባል ሆኖ ካፖርቱን ይዞ ይመጣል። አንዳንዱ ስም ደግሞ ይወርዳል፣ ሰውየውም በዚያው ይቀራል። በእንግድነት ደጋግሞ ይመጣ የነበረ አንድ ጥቁር የልብ ሐኪም እንዲህ ሆኖ ቀረ። የልብ ሐኪም መዋጮ መክፈል አቅቶት ነው? ለምን እንደቀረ የነገረው ሰው ስለመኖሩም እጠራጠራለሁ። ነገሩ የተሠራው ማንም መልስ እንዳይጠየቅ ተደርጎ ነው።

የማወራው የኮሪደር ሐሜት እንዳይመስላችሁ በይፋ የሚታወቀውን ልጥቀስ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው። እዚያው ዲሲ፣ ማሳቹሴትስ ጎዳና ላይ ኮስሞስ የሚባል ክለብ አለ። በ1878 የተመሠረተ፣ የተማሩ ሰዎች የሚሰባሰቡበት ቤት ነው። በ1962 መጀመሪያ ካርል ሮዋን የተባለ ጥቁር ጋዜጠኛ ለአባልነት ቀረበ። ያኔ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ባለሥልጣን ነበር። ኮሚቴው አልተቀበለውም። በዚያው ሰሞን ፕሬዚዳንት ኬኔዲም ተጠቁመው ነበር፤ የጠቆሟቸው ኢኮኖሚስቱ ጆን ኬኔት ጋልብሬዝ ነበሩ። ጋልብሬዝ በሮዋን ጉዳይ ተቆጥተው ክለቡን ለቀቁ። ጠቋሚ ከሌለ ደግሞ ፕሬዚዳንትም ቢሆን አይገባም፤ የኬኔዲ ነገር በዚያው ቀረ። ወሬው አገር ሲሞላ ክለቡ አቋሙን ለወጠና በዚያው ዓመት የታሪክ ምሁሩን ጆን ሆፕ ፍራንክሊንን የመጀመሪያው ጥቁር አባል አድርጎ ተቀበለ።

ለእኔ ለካፖርት ተቀባይዋ ግን ትልቁ ታሪክ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ1995 ፕሮፌሰር ፍራንክሊን 80 ዓመታቸው ነው። በማግስቱ ዋይት ሐውስ ሄደው ከፕሬዚዳንት ክሊንተን እጅ የአገሪቱን ትልቁን የሲቪል ሜዳሊያ ይቀበላሉ። ዋዜማውን ጓደኞቻቸውን በዚያው ክለብ እራት ጋበዙ። እዚያ ወዲያ ወዲህ ሲሉ አንዲት ነጭ ሴት የካፖርት ቁጥሯን ዘርግታ ካፖርቷን እንዲያመጡላት ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ሠራተኞቹ ሁሉ ዩኒፎርም እንደሚለብሱ ነግረው፣ ለአንዱ ብትሰጪው ያመጣልሻል አሏት። የ33 ዓመት አባል ናቸው እኮ! ሱፍ ለብሰዋል፣ ጋባዡም እሳቸው ናቸው። ሴትየዋ ክፉ ላትሆን ትችላለች። ቤቱ ለረጅም ጊዜ ያስተማራት ነገር ቢኖር ጥቁር ሰው እዚያ የሚገኘው ካፖርት ሊያቀብል መሆኑን ነው። እኔም ስሠራ አንድ ጥቁር አባል ዘወር ባለ ቁጥር ይህን እያሰብኩ እጨነቅለት ነበር።

«የግል ቤት ነው፣ ከፈለገው ጋር ይብላ» የሚለውን ክርክር አልንቀውም። እኔም ቡና ሳፈላ የምጠራው የምፈልገውን ሰው ነው። የአሜሪካ ሕግም ይህን ያከብራል። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ሆቴልና ምግብ ቤት ማንንም በቀለሙ እንዳይመልስ ሲያስገድድ እውነተኛ የግል ክለብን ግን ትቶታል። ሊሮይ ኧርቪስ የፔንሲልቬንያ ምክር ቤት አባል ነበሩ። ሃሪስበርግ ከተማ ውስጥ ሙስ ሎጅ በሚባል ክለብ የአንድ ነጭ አባል እንግዳ ሆነው ገቡና አናስተናግድህም ተባሉ፤ ምክንያቱ ጥቁርነታቸው ነው። ክለቡ መጠጥ የሚሸጠው በመንግሥት ፈቃድ ስለሆነ መንግሥትም የአድልዎው ተባባሪ ነው ብለው ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1972 በ6 ለ3 ድምፅ ለክለቡ ፈረደ። ኧርቪስ በኋላ የዚያው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆነዋል።

ግን ክለብ የእኔ የቡና ረከቦት አይደለም። ልጄ ኮሌጅ እያለ የክረምት ሥራ አጥቶ ነበር። አንድ ደግ አባል ካፖርታቸውን ሲቀበሉኝ ፊቴን አይተው ምን ሆንሽ አሉኝ፤ ነገርኳቸው። ምሳ ላይ አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው ነገሩት። ልጄ በሚቀጥለው ሳምንት ሥራ ጀመረ። እግዜር ይስጣቸው፤ ዛሬም እመርቃቸዋለሁ። ነገር ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራው ይህ ነው። ለካፖርት ተቀባይ ልጅ እንዲህ ከተደረገ፣ አባል ለአባል ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ሾርባው እስኪመጣ ብድርም ሹመትም ያልቃል። ሰሌዳው ላይ የቀረው ሐኪም ያጣው እራት ብቻ አይደለም።

ጸሐፊው «ጊዜ ራሱ ይፈታዋል» ብለዋል። እኔ የማውቀው ሌላ ነው። በአላባማ ሾል ክሪክ የሚባል የጎልፍ ክለብ አለ። በ1990 ትልቅ ውድድር ሊያስተናግድ ሲል መሥራቹ ጥቁር አባል እንድንቀበል አንገደድም ብለው ለጋዜጣ ተናገሩ። አይ.ቢ.ኤም.ን ጨምሮ ኩባንያዎች የቴሌቪዥን ማስታወቂያቸውን ሰረዙ። ያን ጊዜ ክለቡ ውድድሩ ሳይደርስ አንድ ጥቁር ነጋዴ በጥድፊያ የክብር አባል አደረገ። እዚያው ዓመት፣ በመስከረም፣ ዝነኛው የጎልፍ ክለብ ኦገስታ ናሽናልም የመጀመሪያውን ጥቁር አባል ተቀበለ፤ ኳስ መምቻ የሚሸከሙላቸው ጥቁሮች ግን ከድሮም ነበሩ። ሴቶች ኦገስታ የገቡት በ2012 ነው። ኮስሞስም ሴቶችን የተቀበለው በ1988፣ የዲሲ ከተማ አስተዳደር ፈቃድህን ልታጣ ትችላለህ ካለው በኋላ ነው። እኔ ከምኖርበት ብዙ የማይርቀው በርኒንግ ትሪ የሚባል የወንዶች የጎልፍ ክለብ ደግሞ ሴት ከማስገባት የግብር ቅናሹን ማጣት መርጧል። ሀብታም መሆን ደስ ይላል!

ስለ መደብ ብዙ አልልም፤ እኛ የምንገባው በጓሮ፣ በቆሻሻ ማጠራቀሚያው በኩል ነበር። ጉርሻ መቀበል ክልክል ነው። በታኅሣሥ አባላቱ ያዋጡትን በፖስታ ይሰጡናል፤ ፖስታውን የሚሰጠን ሥራ አስኪያጁ ፈገግታችንን በልቡ የሚመዘግብ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ አዲስ አበባ። ነጭና ጥቁር የለም ማለት ምርጫ የለም ማለት አይደለም። ባለ ሸክላውንና ቆዳ ፋቂውን አብሮ ማዕድ የማያስቀርብ አገር ነው ያደግንበት፤ ያ ሁሉ የተሠራው ያለ ፈረንጅ እርዳታ ነው። ደግሞ እኛው ዕድር አለን። በእናቴ ዕድር ደንቡ ተጽፎ ይነበባል፣ አዲስ አባል የማይቀበሉት ከሆነ ምክንያቱ በስብሰባ ይነገራል፤ ዳኛው እንኳ ተነስቶ ይጠየቃል። አዲሶቹ ክለቦች መልክ ሲመርጡ ከዋሽንግተን ይልቅ እዚያ ሰፈር ጎራ ቢሉ ባይ ነኝ።

ጸሐፊውን አንድ ነገር ልለምናቸው። እነዚያን ክለቦች ያውቋቸዋልና ይጠይቁልን። አባል የሚመርጠው ኮሚቴ እነማን ናቸው? አመልካች ሲመለስ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠዋል ወይ? በአባልነት ጠቋሚ የሌለው ሰው ገንዘቡን ይዞ ቢመጣ ይስተናገዳል? ሠራተኞቹስ በየትኛው በር ይገባሉ? መልሱን በጋዜጣችሁ አውጡት። አንመልስም ካሉም ያንኑ አውጡት።

አክባሪያችሁ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ