ቲኬት ከመቁረጥ በፊት መሸጋገሪያውን ማየት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ኮሮና ካለፈ ወዲህ ለብቻቸው ወደ ውጭ ለሚወጡ ሰዎች «አሁን እኮ ፓስፖርትና ቪዛ ካለህ ይበቃል» የሚል ምክር በየቦታው ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ሁኔታውን ያነሣው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ነው፤ የፒሲአር ወረቀት የሚጠይቅም ዛሬ የለም ማለት ይቻላል። በቲኬት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች የምናየው ግን ብዙው መንገደኛ የሚሰናከለው በመድረሻው አገር ሳይሆን በመሸጋገሪያው ምክንያት ነው።

ኢትዮጵያ ዜጎቻቸው በሸንገን አገሮች፣ ማለትም በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር በሌላቸው የአውሮፓ አገሮች፣ የአየር ማረፊያ ትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁ 12 አገሮች አንዷ ናት። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከአየር ማረፊያው ባይወጣም፣ ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ «ኤ» የሚባለው ቪዛ ያስፈልገዋል። ጊዜው ያላለፈ የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን ቪዛ በእጁ ካለ ግን ከዚህ ነጻ ነው። የሜክሲኮ ቪዛ ነጻ አያደርግም።

የባሰ የሚያሳስተው ሁለት የሸንገን አየር ማረፊያ ያለበት ቲኬት ነው። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት፣ ከዚያ ማድሪድ፣ ከዚያ ሜክሲኮ እንበል። ከፍራንክፈርት ወደ ማድሪድ የሚደረገው በረራ እንደ አገር ውስጥ ስለሚቆጠር መንገደኛው ፍራንክፈርት ላይ ኢሚግሬሽን ማለፍ አለበት። ስለዚህ «ኤ» ቪዛ አይሠራም፤ መግቢያ የሚፈቅደው «ሲ» ይጠየቃል። ፓሪስ ላይ ከሻርል ደ ጎል አየር ማረፊያ ወደ ኦርሊ አየር ማረፊያ መዛወርም እንዲሁ ነው።

ሁለት የተለያየ ቲኬት ገዝቶ ማገናኘትም ርካሽ ይመስላል። ሻንጣው እስከ መጨረሻው ካልተላለፈ ግን ባለቤቱ ወጥቶ መረከብ፣ ለዚያም የመግቢያ ቪዛ መያዝ ይኖርበታል። የመጀመሪያው አውሮፕላን ቢዘገይ ሁለተኛው አየር መንገድ አይጠብቅም፤ ገንዘብ የመመለስ ግዴታም የለበትም። ቦሌ ላይ ቼክ ኢን መስኮት ቆሞ መለመንም ዋጋ የለውም። ሰነዱ ያልተሟላ መንገደኛ ያደረሰ አየር መንገድ ይቀጣል፣ ሰውየውንም መልሶ ይወስዳል። ስለዚህ ቲኬቱ ከመከፈሉ በፊት እያንዳንዱን ማረፊያ ከነአየር ማረፊያው ስም ማየት ያስፈልጋል። የሸንገን ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ማስገባት ይቻላል፤ ቢዘገይ ከ15 ቀን በፊት መግባት አለበት።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም የተረሳ ነገር ነው። ብዙ ሰው ከኮሮና ክትባት ጋር አብሮ የቀረ ይመስለዋል፤ አልቀረም። ሕንድ ከኢትዮጵያ የመጣን መንገደኛ ካርዱ ከሌለው እስከ 6 ቀን ለይታ ልታቆየው ትችላለች። ክትባቱ የሚጸናው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በበረራው ዋዜማ መከተብ አይጠቅምም። በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ወዲህ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። «10 ዓመት ሞላው» ብሎ እንደገና መከተብ አያስፈልግም፤ አሮጌውን ካርድ መጣል ግን ትልቅ ስሕተት ነው።

ስም ላይም ብዙ ሰው ይሳሳታል። በፓስፖርቱ የፎቶ ገጽ ግርጌ ከሁለቱ መስመሮች የላይኛውን ይመልከቱ፦ ከአገሩ ምልክት ቀጥሎ እስከ ሁለቱ የቀስት ጫፎች (<<) ድረስ ያለው የቤተሰብ ስም ተብሎ የሚሞላው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የመጠሪያ ስም ነው። ቲኬቱም የቪዛ ቅጹም እንደዚያው ይሞላ።

አብሮት ሰው ያለው መንገደኛ አንዱ መስኮት ላይ ሲከራከር ሌላው ሻንጣ ይጠብቃል፣ ገንዘብም ያበድረዋል። ብቻውን የሆነ ይህ ስለሌለው ሰነዶቹን በወረቀት አባዝቶ ከፓስፖርቱ በተለየ ቦርሳ ይያዝ። ገንዘቡንም ሁለት ቦታ ይክፈለው።

ጋዜጣችሁ የጉዞ ማስታወቂያ ሲያወጣ ከዋጋው ጎን መሸጋገሪያ አየር ማረፊያውም እንዲጻፍ አስተዋዋቂዎችን ብትጠይቁልን አንድ መስመር ቦታ ብቻ ነው የሚወስደው።

በቲኬት ሥራ ላይ ያለን፣ ከአዲስ አበባ