በሶውን አልጋ ሥር ደብቆ የፕሮቲን ዱቄት ለሚገዛው ልጅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በስፖርት ገጻችሁ የፕሮቲን ዱቄትን ለስፖርተኞች የሚመክረውን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው የምጽፈው። ነገሩ ስለ ክብደት አንሺዎች ብቻ ቢሆን ኖሮ አልከራከርም ነበር። እዚህ ፍኖተ ሰላም ጋዜጣችሁን ከእጄ ተቀብለው የሚያነቡት ልጆች ግን ሯጮች ናቸው።

የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭ የታዳጊ ፕሮጀክት አሰለጥናለሁ። ልጆቹ አብዛኞቹ ከደጋ ዳሞት፣ ከቋሪትና ከሰከላ የመጡ ናቸው፤ አራት አምስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ከመካከላቸው አንዱ ፈረስ ቤት ያሉት እናቱ አስፈጭተው የሚልኩለትን በሶ አልጋ ሥር ሸጉጦ፣ አባቱ በላኩለት ብር ጡንቻ የተሣለበት የፕሮቲን ዱቄት ይገዛል። "ኮች፣ በሶ እኮ የድሃ ምግብ ነው" አለኝ። እናትየው ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን!

ረጅም ርቀት ሯጭ ፍጥነት ሲጨምር ጡንቻው በዋናነት የሚያቃጥለው ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም ከእህልና ከድንች የሚገኘውን ኃይል ሰጪ ነው። በጡንቻና በጉበት የሚቀመጠው ክምችት ደግሞ ከ500 ግራም ብዙም አይርቅም፤ ጠንከር ባለ ሩጫ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ነው። ስብማ ቀጭን ሰውም አለው፤ አንድ ግራሙ 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፣ የካርቦሃይድሬቱ 4 ነው። ሆኖም ስብ ሲቃጠል ብዙ ኦክስጅን ስለሚፈልግ በፍጥነት ለሚሮጥ ሰው ቶሎ አይደርስለትም። በሎንግ ራን (በረጅሙ የልምምድ ሩጫ) መጨረሻ እግሩ አልታዘዝ የሚለው ልጅ ብዙ ጊዜ የጎደለው ፕሮቲን ሳይሆን እህል ነው።

በቀን ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ለሚሠራ ሯጭ የሚመከረው በኪሎ ክብደቱ ከ6 እስከ 10 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው። 50 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ300 እስከ 500 ግራም ማለት ነው። ፕሮቲኑ በኪሎ ከ1.2 እስከ 2 ግራም ይበቃዋል። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ከ70 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬትና 13 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። በላዩ ሽሮ ወይም ምስር ሲጨመርበት ጥራጥሬው የእህሉን ፕሮቲን ጉድለት ይሞላለታል። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት የታወቁ የኢትዮጵያ ሯጮችን ምግብ መዝኖ ነበር፤ ከሚያገኙት ኃይል ከመቶ 64 ያህሉ ከካርቦሃይድሬት፣ 12 ያህሉ ብቻ ከፕሮቲን ሆኖ ተገኝቷል። ስለ ዱቄቱ አንድ ነገር ልጨምርና ልለፈው፦ ዕቃው ላይ ያልተጻፈ፣ በስፖርት የተከለከለ አበረታች ቅመም የተገኘበት ዱቄት አለ፤ ምርመራ ላይ ሲያዝ የሚጠየቀው ደግሞ ሻጩ ሳይሆን ሯጩ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሁዳዴ ነው። ጾሙን አልነካም፤ እሱ የልጆቹና የንስሐ አባታቸው ጉዳይ ነው። የምከራከረው ስለ ሰዓቱ ነው። ልጁ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቶ ስፒድ (የፍጥነት ልምምድ) ይሠራና 2 ሰዓት ላይ ባዶ ሆዱን ይመለሳል፤ ከዚያ እስከ 9 ሰዓት ምንም የለም። ጡንቻ ያለቀበትን ፈጥኖ የሚተካው ከልምምድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ሆኖ ሳለ፣ እነዚያ ሰዓታት በረሃብ ያልፋሉ። በማግሥቱም እንዲሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የሩጫ ሰዓቱ ይበላሻል፣ ልጁም "ፕሮቲን አነሰኝ" ብሎ ወደ ሱቅ ይሄዳል። ስለዚህ በጾም ወራት ጠዋት ዱብ ዱብ (ቀላል ሩጫ) ብቻ እናደርጋለን። 9 ሰዓት ላይ በስኳር የተበጠበጠ በሶ ወይም ቅቅል ድንች ይቀምሳሉ፣ ጠንካራውን ልምምድ 11 ሰዓት ላይ ይሠራሉ፣ ማታ 1 ሰዓት እራታቸውን በደንብ ይበላሉ። ችግሩ በ11 ሰዓት ሜዳው የእግር ኳሰኞች ነው፤ እኛ በጅጋ መንገድ ከባጃጅና ከአይሱዙ ጋር እንጋፋለን።

ሴቶቹ ልጆች ሌላ ጣጣ አለባቸው። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያውካል፤ ቃሪያና ሎሚ ግን ያግዛሉ። የወር አበባዋ የቀረባት ሯጭም "ቀለልኩ" ብላ መደሰት የለባትም፤ የምትበላው ለምትሮጠው አልበቃም ማለት ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ትሂድ።

ከእናንተ የምለምነው የሥነ ምግብ ባለሙያ ጋብዛችሁ ስለ ጾምና ልምምድ ሰዓት እንድታጽፉልን ነው፤ በሽሮና በእንጀራ፣ በበሶና በድንች ልክ። የሜዳ ሰዓት የሚደለድሉ ሰዎችም ጋዜጣችሁን የሚያነቡ ከሆነ፣ በሁዳዴ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ 11 ሰዓት ላይ ለሯጮች ይልቀቁልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰውነት ማጎልመሻ መምህር፣ ፍኖተ ሰላም