ፎቶውና ጽሑፉ አልተገናኙም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ቻይና የስለላ ድሮኖች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ አነበብኩት። ጽሑፉ የሚያወራው ስለ ደብልዩ ዜድ 7 ነው። ፎቶው ግን የዊንግ ሉንግ 2 ነው። ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ መምህር ነኝና እንዲህ ዓይነቱን ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም።

ሁለቱን መለየት ከባድ አይደለም። ዊንግ ሉንግ 2 ከኋላው ፕሮፔለር አለው፤ ክንፉ ሥር ሚሳይል ይሸከማል። ደብልዩ ዜድ 7 ጄት ነው፤ የተሠራው ለስለላ ነው። የፊት ክንፎቹ ወደ ኋላ፣ የኋላዎቹ ወደ ፊት ሄደው ይገጣጠማሉ። የሚበርረው 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ረጅምና ቀጭን ክንፍ ያስፈልጋል፤ መገጣጠሙ ደግሞ ያጠነክረዋል።

እኛ አካባቢ የድሮን ወሬ እንዴት እንደሚሰማ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ሚሳይል የተሸከመ ፎቶ ለጥፋችሁ «ሁሉን ያያል» ስትሉ ሰው ምን ይሁን? አንዲት እናት ጎረቤቴ «መምህር፣ እንጀራ ስጋግርም ያዩኛል ማለት ነው?» አሉኝ። ማድ ቤትዎ ጣሪያ አለው አይደል፣ አልኳቸው። «ታዲያ ጋዜጣው ምን ሆኖ ነው የሚያስፈራራን?»

ከፍታ የሚሰጠው ስፋት ነው። ከፍታውን በሜትር ያዙ፤ ስኩዌር ሩቱን በ3.57 አባዙት፤ የአድማሱ ርቀት በኪሎ ሜትር ይመጣል። ለ18,000 ሜትር 480 ገደማ ነው። ጎንደር ሰማይ ላይ ቢሆን አድማሱ አዲስ አበባን ያልፋል ማለት ነው። ይህ በወረቀት ነው፤ በመሃል ስንት ተራራ አለ! እዚህ ጎንደር ጎሃ ኮረብታ ላይ የወጣ ሰው ከተማውን በሙሉ ያያል፤ የማን በር እንደተንኳኳ ግን አይለይም። ዝርዝር ለማየት ካሜራው ጠባብ ቦታ ላይ ማነጣጠር አለበት፤ ያኔ ሌላው ሁሉ ያመልጠዋል። እንደኛ ክረምት ደመና ሲሆን ደግሞ ካሜራው ከንቱ ነው። ራዳር ደመናን አልፎ መርከብና ተሽከርካሪ ይለያል እንጂ የሰው ፊት አያነብም።

መርከብ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ቻይና ዓይኗን የጣለችው ባሕሩ ላይ ነው። በጃንዋሪ 2023 ጃፓን ይኸው ድሮን በኦኪናዋና በሚያኮ ደሴቶች መካከል ሲያልፍ ማየቷን አስታውቃለች። እዚያው አጠገብ ስላለችው ታይዋን አንድ መስመር እንኳ አለመጻፋችሁ ገርሞኛል።

ፊኛውንም ረስታችሁታል። በፌብሩዋሪ 2023 አሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና ጠረፍ ላይ መትታ የጣለችው የቻይና ፊኛ ይበርር የነበረው እዚያው 18 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነበር። ቻይና የአየር ጠባይ ማጥኛ ነው አለች። ክንፍ የለው፣ ጄት የለው፤ ግን ስንት አገር አቋርጧል።

በሚቀጥለው እትም እባካችሁ ማስተካከያ አውጡ፤ ትክክለኛው ፎቶም በፊት ገጽ ይሁን። ደብልዩ ዜድ 7 እ.ኤ.አ. በ2021 በቻይናዋ ዙሃይ ከተማ የአየር ትርኢት ለሕዝብ ስለታየ ፎቶው ሞልቷል።

ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር
ከጎንደር